ከቤተ መንግሥት ደጅ የራቁት ሼኽ፤ አሕመዱ ባምባና የዛሬዪቱ ሴኔጋል

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዛሬዪቱን ሴኔጋል ፖለቲካ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ነገሩን በዳካር ካለው ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሳይሆን፥ ከዋናው ከተማ በስተ ምሥራቅ በአሸዋማው የኦቾሎኒ አገር ከምትገኘው ከቱባ ከተማ መጀመር ይገባዋል። የዚህች ከተማ ስም እንደ አማርኛችን የክር ቱባ ማለት አይደለም፤ በዐረብኛ ብፅዕና ማለት ነው። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ሰዎች፥ የመንግሥት ወገኖችም ሆኑ ተቃዋሚዎች፥ የቱባን መንገድ ሳይረግጡ አይቀሩም። የተመረጠውም እንደዚሁ ሄዶ በከተማይቱ ካለው ከሙሪዶች ኸሊፋ ዘንድ ምርቃት ይጠይቃል።

በዚያች ከተማ የተቀበሩት ሼኽ አሕመዱ ባምባ ምባኬ ናቸው። በየዓመቱ በእስልምና አቆጣጠር ሰፈር በሚባለው ወር፥ በ18ኛው ቀን፥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከሴኔጋልና ከውጭ አገር ተሰብስቦ በዓላቸውን ያከብራል። በዓሉ ማጋል ይባላል። የሚያስገርመው ግን ይህ ቀን ሼኹ የተወለዱበት ወይም ያረፉበት ቀን አለመሆኑ ነው። የፈረንሳይ ቅኝ ገዥ መንግሥት ይዞ ወደ ግዞት የወሰዳቸውን ቀን የሚያስታውስ በዓል ነው። አንድ መንግሥት ለቅጣት የመረጠው ቀን ለሕዝቡ የምስጋና ቀን ሆኖ ሲቀር፥ ነገሩ ሊመረመር የሚገባው መሆኑ ግልጥ ነው።

ጦር ያልነበራቸው፥ ሹመት ያልያዙ፥ ከዕድሜያቸውም ከ30 ዓመት የሚበልጠውን በግዞትና በቁም እስር ያሳለፉ ሰው ይህን ያህል ክብርና ተሰሚነት ያገኙት ከምን የተነሣ ነው? ጥያቄው ለሃይማኖት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው ወጣት ነገ ሹም ይሆናልና፥ በትእዛዝ የሚገኝ ታዛዥነትና በፈቃድ የሚገኝ ታዛዥነት እንዴት እንደሚለያዩ ማወቅ ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሥታቱ የወደቁበት ዘመን

ሼኽ አሕመዱ ባምባ በ1853 ገደማ ባኦል በሚባለው የዎሎፍ መንግሥት፥ ምባኬ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሞማር አንታ ሳሊ የታወቁ የእስልምና ሊቅ ሲሆኑ፥ ካዮር በሚባለው ጎረቤት መንግሥት በንጉሡ በላት ጆር አደባባይ ቃዲ ሆነው ያገለግሉ ነበር። እናታቸው ማም ጃራ ቡሶ ደግሞ በመንፈሳዊነታቸው እስከ ዛሬ የሚከበሩ ሴት ናቸው።

ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር። ፈረንሳዮች ከባሕር ዳርቻው ከሴን ልዊ ተነሥተው ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ የዎሎፍ ነገሥታት እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ የንጉሥ ወታደሮች ገበሬውን ይዘርፋሉ፤ የባሪያ ንግዱም ገና አልጠፋም። ጦር ያነሡ የእስልምና መሪዎችም ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ማባ ጃኹ በ1867 በጦር ሜዳ ሞቱ። ላት ጆርም በ1886 ከፈረንሳዮች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሰይፍ የመዘዘው ሁሉ፥ ለሃይማኖትም ይሁን ለዘውድ፥ በሰይፍ ሲጠፋ ወጣቱ ባምባ በዓይናቸው አዩ።

ከዚህም በላይ አንድ ሌላ ነገር ታዘቡ። በ1875 ላት ጆር በፈረንሳዮች ርዳታ አንድ እስላም ተቀናቃኛቸውን ድል ባደረጉ ጊዜ፥ የተማረኩት ሙስሊሞች ባሪያ ይሁኑ ወይ፥ ንብረታቸውስ ይወረስ ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። የአደባባዩ ሊቃውንት ለንጉሡ የሚስማማውን ፍርድ ሰጡ። በሙሪዶች ዘንድ እንደሚነገረው ባምባ ይህን ፍርድ ተቃወሙ። የንጉሥ እንጀራ የሚበላ ዐዋቂ እውነትን ለመናገር አፉ እንደሚታሠር ከዚያ ተረዱ። ስለዚህ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አባታቸው በሞቱ ጊዜ፥ በአባታቸው ቦታ ገብተው ንጉሡን እንዲያገለግሉ ሲጠየቁ፥ ከእግዚአብሔር በቀር ወደ ሌላ ንጉሥ ደጅ መሄድን እንደሚያፍሩ ገልጠው እምቢ አሉ ይባላል። የሕይወታቸው መሠረት ይህች እምቢታ ናት፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ በእርሷ ላይ የተሠራ ነው።

ሥራን ጸሎት ያደረገ ትምህርት

ባምባ በመጀመሪያ የገቡት በቃዲሪያ ጠሪቃ ነበር። ይህ ጠሪቃ በእኛም አገር በሐረርና በወሎ የታወቀ ስለሆነ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ከጊዜ በኋላ ግን የራሳቸውን መንገድ ከፈቱ፤ እርሱም ሙሪዲያ ተባለ። ሙሪድ ማለት ፈላጊ፥ ደቀ መዝሙር ማለት ነው። በ1887 ገደማ ከሰው ርቀው በአንድ ዛፍ ሥር ቱባን መሠረቱ።

ትምህርታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። እውነተኛው ጂሃድ ሰው ከገዛ ነፍሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው፤ ለዚህም መሣሪያው ዕውቀት፥ ጸሎትና ሥራ ነው። ቁርኣን ለማንበብ የቻለ ያንብብ፤ ፊደል ያልቆጠረ ደግሞ በእርሻ ሥራና በአገልግሎት ነፍሱን ያሠልጥን። ይህ ነገር በጊዜው ትልቅ ለውጥ ነበር። በዚያን ዘመን ክብር የሚገኘው ወይ በመጽሐፍ ወይ በጦር ነበርና፥ ዶማ የያዘው ገበሬ፥ ጌታው የጠፋበት የንጉሥ ወታደር፥ ከባርነት የወጣውም ሰው ሁሉ ቦታ አገኘ። ለዚህ ዋና ምሳሌ ሆነው የሚጠቀሱት ከጦረኞች ወገን የተወለዱት ኢብራ ፋል ናቸው። እርሳቸው ለሼኹ በጉልበታቸው በማገልገል የታወቁ ሲሆኑ፥ ባይ ፋል የሚባሉት ባለ ጥብቆ ተከታዮቻቸው ዛሬም በሴኔጋል መንገድ ላይ ይታያሉ።

ባምባ በዐረብኛ እጅግ ብዙ ቅኔ ጽፈዋል፤ አብዛኛው ነቢዩን የሚያወድስ ነው። ደቀ መዛሙርቶቻቸውም የዎሎፍን ቋንቋ በዐረብ ፊደል እየጻፉ ትምህርቱን ለገበሬው አደረሱት። የወሎ ሼኾች አማርኛን በዐረብ ፊደል ጽፈው መንዙማ ማቅረባቸውን የሚያውቅ ሰው የዚህን ዘዴ ጥቅም በቀላሉ ይረዳል። ትምህርት በሕዝቡ ቋንቋ ሲነገር ከመጽሐፍ ቤት ወጥቶ ወደ እርሻው ይወርዳልና።

የፈሩት ይደርሳል

የፈረንሳይ ሹማምንት ይህን ሁሉ በጥርጣሬ ተመለከቱት። ነገሥታቱን ገና አሸንፈው መጨረሳቸው ነበርና፥ የወደቁት ነገሥታት ወታደሮች በአንድ ሼኽ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ጦር የሚዘጋጅ መሰላቸው። ነሐሴ 1895 ሼኹ ተያዙ፤ በመስከረም ወር በሴን ልዊ በገዥው ምክር ቤት ፊት ቀረቡ። የዚያን ጊዜው መዝገብ ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ሰውየው የሃይማኖት ጦርነት እንደ ሰበኩ ግልጥ ማስረጃ እንዳልተገኘ መዝገቡ ራሱ ያምናል። ዳሩ ግን ሁኔታቸውና የተማሪዎቻቸው አኳኋን የሚያጠራጥር ነው ተብሎ ወደ ጋቦን እንዲጋዙ ተወሰነ። ማስረጃ በጠፋበት ቦታ ፍርሃት ማስረጃ ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

በጋቦን ደን፥ በማዩምባና በላምባሬኔ፥ ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ። በዚያም ሳሉ መጻፍ አላቋረጡም። በአገራቸው ደግሞ ስማቸው ከቀን ወደ ቀን እየገነነ ሄደ። በመርከብ ላይ ሶላት ቢከለከሉ ምንጣፋቸውን በባሕሩ ላይ አንጥፈው ሰገዱ የሚለው ትረካ እስከ ዛሬ በመስታወት ላይ እየተሣለ በየቤቱ ይሰቀላል። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሊመዝነው አይችልም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ግዞቱን እንዴት እንደ ተረዳው ያሳያል። መንግሥት በእስር ያዋረዳቸው ሲመስለው፥ ሕዝቡ የነፍስ ድል አድርጎ ቈጠረው። የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው።

በኅዳር 1902 ሲመለሱ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበላቸው። ፈረንሳዮችም እንደገና ደነገጡ። በ1903 ይዘው ወደ ሞሪታንያ ሰደዷቸውና እስከ 1907 በዚያ አቆዩዋቸው። ከዚያም በጆሎፍ ምድር በቴየን እስከ 1912 በጥበቃ ሥር አኖሯቸው። በመጨረሻም የመንግሥት ሹም በቅርብ ሊያያቸው ወደሚችልበት ወደ ጁርቤል አመጧቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1927 እስካረፉ ድረስ በጁርቤል ቆዩ፤ ወደ መሠረቷት ወደ ቱባ ለመኖር የተመለሱት አስከሬናቸው ሲወሰድ ነው። በ1913 በጁርቤል የተነሡት ፎቶግራፍ፥ ነጭ ልብስ ለብሰው ግማሽ ፊታቸው በጥላ ተሸፍኖ የሚታየው፥ ዛሬ በዳካር ግድግዳዎች፥ በአውቶቡስና በሱቅ በር ላይ ሁሉ ተሥሏል።

ስምምነት ያለ ሹመት

ከ1912 በኋላ ግን የሁለቱ ወገን ጠባይ ተለወጠ። ፈረንሳዮች ሼኹ ጦር እንደማያነሡ ተረዱ። ከዚህም ጋር ሙሪዶች ባዶውን መሬት እያቀኑ ኦቾሎኒ ማምረታቸውን፥ ኦቾሎኒውም በምድር ባቡር ወደ ወደብ ሄዶ ለቅኝ ግዛቱ ግምጃ ቤት ገንዘብ ማስገባቱን አዩ። ሼኹም በበኩላቸው ሃይማኖቱ ካልተነካ ከመንግሥት ጋር እንደማይጣሉ ገለጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተከታዮቻቸው መካከል ወታደር ለምልመላ ተሰጠ፤ በጦርነቱ ፍጻሜ ገደማም የፈረንሳይ መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጣቸው። ኒሻኑ የመስቀል ቅርጽ ስላለው አላጠለቁትም ይባላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡት ነቀፋ አለ። ከቅኝ ገዥ ጋር የተስማማ ሰው እንዴት የነጻነት ምሳሌ ሊሆን ይችላል? የሰጧቸው ወታደሮች በኤውሮፓ ምሽግ አልሞቱም ወይ? የሙሪዱስ ጉልበት ሼኾችን አላበለጸገም ወይ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱንም ማቃለል አይገባም። ገበሬው ብዙ ደክሟል፤ በየዓመቱ ኦቾሎኒ ብቻ የተዘራበትም መሬት ተጎድቷል። ሆኖም በሰጡትና በተቀበሉት መካከል ልዩነት አለ። ሼኹ ለመንግሥት ሰላምን ሰጡ፤ ሹመትን ግን አልተቀበሉም። የመንግሥት ደመወዝተኛ ሊቅ ሆነው የገዥውን ትእዛዝ በሃይማኖት ቃል አላሳመሩም። ለዚህ ነው ሕዝቡ ስምምነታቸውን እንደ መገዛት ያልቈጠረው።

ከሼኹ በኋላ

ከእርሳቸው በኋላ መሪነቱ በመጀመሪያ በልጆቻቸው፥ ከዚያም በልጅ ልጆቻቸው እጅ ሆነ። የመጀመሪያው ኸሊፋ ማማዱ ሙስጠፋ የቱባን ታላቅ መስጊድ ሥራ አስጀመሩ፤ ሁለተኛው ኸሊፋ ፋሊሉ በ1963 መርቀው ከፈቱት። በምረቃው ላይ የሴኔጋል ፕሬዚዳንት ሊኦፖልድ ሴንጎር ተገኝተው ነበር። ሴንጎር ካቶሊክ ሲሆኑ የአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በታኅሣሥ 1962 ከጠቅላይ ሚኒስትራቸው ከማማዱ ጃ ጋር በተጣሉ ጊዜ፥ ኸሊፋ ፋሊሉ ሙስሊሙን ትተው ከካቶሊኩ ጋር መቆማቸው ለብዙ ሰው አስገራሚ ነበር። የሃይማኖት ወገንተኝነት አገር እንዳይከፍል ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን የቱባ ቃል በምርጫ ሳጥን ላይ የሚመዝንበት ልማድም ከእነዚያ ዓመታት ጋር እየጠነከረ ሄደ።

ሦስተኛው ኸሊፋ አብዱል አሐድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ በድርቁ ዘመን፥ የገበሬውን ችግር ለመንግሥት ደፍረው በመናገርና ገበሬው ከኦቾሎኒ ይልቅ የምግብ እህል እንዲዘራ በመምከር ተወደዱ። እኒሁ ሰው ግን በ1988 ምርጫ ሙሪድ ሁሉ ፕሬዚዳንት አብዱ ጁፍን እንዲመርጥ አዘዙ። ጁፍ በምርጫው አሸናፊ መባላቸው ሲሰማ በዳካር ሁከት ተነሣ። በከተማ የሚኖረውና የተማረው ወጣት ሙሪድ በነፍሱ ጉዳይ ኸሊፋውን እንደሚታዘዝ፥ በድምፁ ጉዳይ ግን ራሱ እንደሚወስን ማሰብ ጀመረ። ሁለቱን ታዛዥነት ለይቶ ማየት ከዚያ በኋላ የማይመለስ ነገር ሆነ።

በ1990 ኸሊፋ የሆኑት ሳሊዩ ምባኬ ይህን የተረዱ ይመስላል፤ ለማንም ተወዳዳሪ የምርጫ ትእዛዝ አልሰጡም። በ2000 ሙሪድ የሆኑት አብዱላይ ዋድ ሲመረጡ ወዲያው ወደ ቱባ ሄደው በኸሊፋው ፊት ተንበረከኩ። ብዙዎች መንግሥቱ የሙሪዶች ሆነ አሉ። ይሁን እንጂ በ2012 ሕዝቡ ዋድን በድምፁ አወረዳቸው፤ ሙሪድነታቸውም አላዳናቸውም። ለአንድ ፕሬዚዳንት የሼኽ ደጅ መሳም የመንግሥት ሥራን አይተካለትም።

የክብር ዋጋው

ዛሬ ቱባ በሕዝብ ብዛት ከዳካር ቀጥላ ሁለተኛዪቱ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጥቂት ሺህ ሰዎች መንደር የነበረችው በ1988 ቈጠራ ከ120 ሺህ በላይ ሆናለች፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ እጥፍ አድጋለች። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በመንግሥት መዝገብ የገጠር አስተዳደር ተብላ ተመዝግባ ኖራለች። መሬቱ በኸሊፋው እጅ ነው፤ መጠጥና ትምባሆ ክልክል ነው። ድርቁ ከመሬቱ ያፈናቀላቸው ሙሪዶች በዳካር ገበያ፥ ከዚያም በፓሪስ፥ በኢጣልያና በኒው ዮርክ ነጋዴ ሆነው፥ ዳሂራ በሚባሉ ማኅበራት እየተደራጁ ገንዘብ ወደ ቱባ ይልካሉ። መስጊዱም፥ የውሃ ጉድጓዱም፥ ሆስፒታሉም ከዚህ ገንዘብ ድርሻ አግኝቷል። መንግሥትም በ2018 መጨረሻ ከቲየስ እስከ ቱባ ሰፊ የመኪና መንገድ ከፍቷል።

ይህ ሁሉ የሼኹ የሥራ ትምህርት ፍሬ ነው። ፍሬው ግን የራሱ ፈተና አለው። ከተማ በትልቁ ሲያድግ የጎርፍ መውረጃ፥ ጽዳትና የመሬት ሥርዓት ይፈልጋል፤ እነዚህም በበረከት ብቻ አይገኙም። በ1991 መንግሥት ከምቤጌ ጥብቅ ደን ላይ 45 ሺህ ሄክታር ያህል ለኸሊፋው ኦቾሎኒ እርሻ በለቀቀ ጊዜ ደኑ ተመነጠረ፤ ከብቶቻቸውን በዚያ የሚያሰማሩ ፉላኒዎችም ተፈናቀሉ። መንግሥትና የሃይማኖት አባት ሲወዳጁ ዋጋውን የሚከፍለው ሦስተኛ ወገን ሊሆን እንደሚችል ይህ ነገር ያስረዳል። አንደኛው ወገን ድምፅ ሲፈልግ፥ ሌላው መሬት ሲያገኝ፥ የሼኹ የመጀመሪያዪቱ እምቢታ ትዘነጋለች።

በሌላው ወገን ደግሞ ርቀት ምን እንደሚጠቅም በ2021 ታየ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር አንድ የተቃዋሚዎች መሪ በመታሰራቸው በዳካርና በሌሎች ከተሞች ብጥብጥ ተነሥቶ ሰው ሞተ። የአሁኑ ኸሊፋ ሙንታኻ ምባኬ መልእክተኞች ልከው ተቃዋሚዎቹ ሊያደርጉት ያሰቡትን ሰልፍ እንዲተዉ ጠየቁ፤ እነርሱም እሺ አሉ። ፖሊስ ሊያስቆመው ያልቻለውን ነገር የአንድ ሽማግሌ ቃል ያስቆመው ኸሊፋው የማንም ወገን ሆነው ስላልታዩ ነው። በ1988 እንደተደረገው ለአንዱ ወገን አዝዘው ቢሆን ኖሮ፥ በዚያን ቀን የሚሰማቸው አይገኝም ነበር።

የአሕመዱ ባምባ ውርስ ከመስጊዱና ከበዓሉ ይበልጥ በዚህ ርቀት ውስጥ ይገኛል። እርሳቸው መንግሥትን አልወጉም፤ ከመንግሥት ጋርም አንድ አልሆኑም። ሥልጣንና እሳት በልክ የሚሞቁት ነገር ነው፤ እጅግ ቢርቁት ይበርዳል፥ እጅግ ቢጠጉት ያቃጥላል። ለወጣቱ ሹም ደግሞ የ1895ቱ መዝገብ ይቅረብለት። ማስረጃ ሳይኖር በጥርጣሬ ብቻ የተጻፈ አንድ ውሳኔ ስንት ነገር እንዳስከተለ ያንብብ። የፈረሙት ሹማምንት ስም ዛሬ በታሪክ ተማሪ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። የተፈረመባቸው ሰው ስም ግን በየዓመቱ በሰፈር 18 ቀን ከሚሊዮን አፍ ይሰማል።